ከመስኮቴ ሥር የተቀመጡት ጠያቂዎች

ውድ ሲስተር ሜሮን፣

ያኔ “አንቱ” ስልሽ “ገና ሀያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አሮጊት ልታደርጊኝ ነው?” ብለሽ ስለተቆጣሽኝ አንቺ እልሻለሁ። ናጅዋ ነኝ፤ የመርሳዋ፣ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ኮሮናዋን ይዛ ወልድያ ድረስ የመጣችብሽ። ካላስታወስሽኝ፣ መስኮቷ ሥር ያ ሁሉ ሽማግሌ የተኮለኮለው ልጅ ነኝ። አሁን አስታወስሽኝ።

አፍንጫዬ ተመርምሮ ቫይረሱ ሲገኝብኝ አያቴ ሸህ ጀብሪል ኮሮና የአዲስ አበባ ሰው በሽታ ነው፣ መርሳ ማን አምጥቶት ብለው ሊከራከሩ ዳድቷቸው ነበር። ዶክተር ተፈራ ግን ቫይረሱ እስኪለቀኝ ቢጠበቅ ሆዴ እንደማይጠብቅ ብቻ ነገሯቸው። በጦርነቱ የተነሣ ዕቃ አይገባም ነበርና ወፍራሙ ማስክ ለዶክተሩና ለማደንዘዣ ሰጪው ብቻ ደረሰ። አንቺ ስሱን ሁለት ደርበሽ ስትገቢ “ምነው ሲስተር፣ በረደሽ?” ብዬ ቀለድኩብሽ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለብቻዬ አስተኛችሁኝ። ሽማግሌዎቹም ሊጠይቁኝ ከመርሳ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። መግባት ሲከለከሉ፣ በሽተኛ ሳይጠይቁ መመለስ ነውር ነው ብለው ጋቢያቸውን መስኮቴ ሥር አነጠፉ። አያቴ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጎረቤታችን አቶ ዓለምነህ አሜን ይላሉ፣ በመሀል ስለ ማሽላው ይጨቃጨቃሉ። ቤት ውስጥ ጆሯችን ከብዷል የሚሉት ሰዎች እዚያ ሲደርሱ ትንፋሼን ሳይቀር ይሰሙ ነበር።

አንቺ ደግሞ እየመጣሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ማዳመጫሽን ሆዴ ላይ አድርገሽ፣ “አየር ወጣልሽ?” ትይኛለሽ። ካልወጣ አንጀቴ ሥራ አልጀመረም ማለት ነው፤ ውሃ እንኳ አልቀምስም። በጠየቅሽኝ ቁጥር መስኮቱ ሥር ጸጥ ይላል።

ሲስተር፣ ጧት ወጥቶልኝ ነበር። ግን ሰላት የሚያሰግዱት አያቴ እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው ምን ልበል? በእኛ አገር ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ፈሳች ከተባለ የልጅ ልጇ ሠርግ ላይም ይነሣል። አልወጣም አልኩሽ። ተመልሰሽ መጣሽ፣ ጎነበስሽ፤ አልወጣም አልኩሽ። ደግመሽ መጣሽ።

ከሰዓት ዶክተሩ ሆዴን ነካክተው አንጀቴ ታስሮ ይሆናል አሉ። የመድፉ ድምፅ እየቀረበ ስለነበር ሰው ሳይበተን ድጋሚ ሊከፍቱኝ ወሰኑ። ያኔም ዝም አልኩ። እንደገና መቀደድ ከሐፍረቱ ቀሎኝ ነበር። አንቺ ግን እነዚያኑ ሁለት ማስኮች፣ አጥበሽ ያሰጣሻቸውን፣ ገና ሳይደርቁ ፊትሽ ላይ ስታስሪያቸው አየሁ።

“ሲስተር፣ ተይው፣ ፈስቻለሁ” አልኩ። “ጧት ነው።”

ከመስኮቱ ሥር የአያቴ ድምፅ መጣ፣ “አልሐምዱሊላህ።” አቶ ዓለምነህ ተቀበሉ፣ “ተመስገን ጌታዬ።” ሌሎቹም በየተራ አመሰገኑ። ሲጨርሱ አያቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠየቁሽ፣ “ሲስተር ልጄ፣ አንድ ጊዜ ይበቃል ወይስ ትድገመው?”

ግድግዳውን ተደግፈሽ ሳቅሽ፣ ሳቅሽ፣ ሳቁ ሳል ሆነ። የሳቅ ሳል መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ አልመጣሽም። ትኩሳት ይዟታል አሉኝ። ወዲያው ከተማው ተበተነ፤ እኔንም አይሱዙው ላይ ሽማግሌዎቹ መሀል አስተኝተው ወሰዱኝ።

አሁን ስልክ ተመልሷል፣ ሆስፒታሉም ተከፍቷል። ስለ አንቺ ስጠይቅ ግን አንዱ ደሴ ናት ይለኛል፣ ሌላው ዝም ይላል። ዝም ያለውን ጠላሁት። መፍሳቴን መርሳ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ልጆች መንገድ ላይ “አልሐምዱሊላህ” እያሉ ያልፉኛል። በዚያ ማፈር ትቻለሁ። የማፍረው ጧት አዎ ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ እየመጣሽ፣ በዚያ ስስ ጨርቅ፣ ኮሮና የያዛት ልጅ ላይ ባልጎነበስሽ ነበር ብዬ ነው። ከእኔ ይዞሽ ይሁን ከሌላ ማንም አያውቅም። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት ከእኔ ነው እላለሁ።

ደብዳቤውን ሆስፒታሉ ውስጥ ለሚያውቁሽ ሰዎች እሰጣለሁ፤ ስልኬን ከታች ጽፌዋለሁ። አያቴና አቶ ዓለምነህ ደጃፋችን ላይ ስልኩን መሀላቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል። በጮኸ ቁጥር ጸጥ ይላሉ። አንድ ቃል ይበቃናል፤ ደህና ነኝ በይን።

እንደኔ አፍረሽ አትዘግዪብን።

ናጅዋ፣ ከነሽማግሌዎቿ
መርሳ