ደከመኝ ያለችበት አቀበት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ፀጉር ስቆርጥ ዋልኩ። ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ዋጥ ይለኛል፣ ሌላው ጨው ተው። ልቤን ካመመኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ዛሬም እንደ እንቁላል ነው የሚይዙኝ።

ከሁሉ የባሰችው ሚስቴ። ባልዲ ላንሳ ስል ከእጄ ትነጥቃለች። ገበያው እሷ፣ ሱቁን መጥረግ እሷ፣ ፎጣ ማጠብ እሷ... «አንቺስ አይደክምሽም?» ስላት፣ «ምን ያደክመኛል? አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ።» ሁሌም መልሷ ይኸው ነው።

የልብ ሐኪሜ ዛሬ ፈቀደችልኝ። ከተማ ውስጥ ብስክሌት ስለማመድ ከርሜያለሁ፣ ምርመራውም ጥሩ ነው። «ሸለቆውን ይዘው እስከ ላይኛው መንደር መሄድ ይችላሉ፤ እያረፉ፣ ሳይቸኩሉ» አለች። ስንት ዘመን ነገ ዛሬ ስንልበት የኖርነው መንገድ! ለሚስቴ ነገርኳት። «እኔም ከኋላህ ነኝ» አለች። ብስክሌት ከነዳች እኮ ስንት ዓመቷ...

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ልጃችን ደወለች። «አባዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ተራራ?» እናቷ ስልኩን ተቀበለችኝና፣ «እኔ እያለሁ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» አለቻት። ደስ አለኝ ወይስ አፈርኩ? ሁለቱም መሰለኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ጎረቤታችን ብስክሌት ጠጋኙ ለሚስቴ አንድ አሮጌ ብስክሌት አበጀላት። ፍሬኑን አጠበቀ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ። ምን ላድርግልህ ስለው፣ «ፀጉሬን በነጻ ትቆርጠኛለህ» አለ። መላጣ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ደርሰናል። መንደሩ ውስጥ፣ እንግዳ ማረፊያው ደጃፍ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት መንገዱ ሜዳ ነበር። ወንዙ በግራችን፣ የታጨደ ሣር በቀኝ፣ ሽታው ልብ ያርሳል። ፊት ለፊት በረዶ ያልለቀቀው ተራራ። ሚስቴ ከኋላ፣ «ቀስ!»... «ልብህስ?»... «ውሃ ጠጣ!» እኔም ልቤን አዳምጣለሁ። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?

ከድልድዩ በኋላ አቀበቱ ጀመረ። መንገዱ በጥዱ መሃል እየተጠማዘዘ ይወጣል። በየመታጠፊያው አረፍን። አንዱ ጋ ስደርስ ከኋላዬ «ቀስ!» የሚለኝ ጠፋ። ዞር ስል ብስክሌቷን ጥላ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣለች። ወርጄ ሄድኩ።

«ጎማው ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ደከመኝ» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ...

ደከመኝ! ከታመምኩ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

«ዛሬ አይደለም የደከመኝ። ዓመቱን ሙሉ ደክሞኛል። ትሞትብኛለህ ብዬ እየፈራሁ፣ እንዴት ብዬ ደከመኝ ልበልህ?»

አንጀቴን በላችው። አጠገቧ ተቀምጬ ጫማዋን አወለቅኩላት። ተረከዟ ውሃ ቋጥሯል። በመሐረቤ አሰርኩላት። አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስ አቅፌያት ቆየሁ፤ እኔም ትንሽ ሳላለቅስ አልቀረሁም።

ስንነሳ የእሷን ሻንጣ በእኔ ብስክሌት ላይ ጫንኩ። አንዱን ብስክሌት በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጄ ይዤ መግፋት ጀመርኩ። ልትቀበለኝ እጇን ሰደደች... ሰበሰበችው። «እንግዲህ አንተ አምጣው» አለች። ከሐኪሜ ፈቃድ ይልቅ ይቺ ቃል አዳነችኝ ብል ማን ያምነኛል?

እያረፍን፣ በእግራችን ወጣን። የመንደሩ የድንጋይ ጣሪያዎች ሲታዩን «ወይ ማማሩ!» አለች። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ከአጥሩ ወዲህ ልቤን አዳምጬው አላውቅም። ረስቼዋለሁ! ተመስገን። አቀበቱም ይመስገን፣ ያ መላጣም ይባረክ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ከታመምኩ ወዲህ ሚስቴ እጇን ደረቴ ላይ ሳታሳርፍ ተኝታ አታውቅም። ብገላበጥ ትባንናለች። ዛሬ ስነቃ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ብርድ ልብሱን ብቻዋን ጠቅልላ ታንኮራፋለች፤ ያውም እንዴት ያለ ማንኮራፋት! በረደኝ። ጃኬቴን ደርቤ ቁጭ ብዬ አየኋት። ምን አደረግኩና ነው ይቺን ሴት የሰጠኝ?

የማረፊያው ባለቤት፣ አሮጊቷ፣ ቁርስ ደረሰ ብለው አንኳኩ። ተንደርድሬ በሩን ገርበብ አደረግኩት።

«ቀስ ይበሉ እናቴ» አልኳቸው። «ሚስቴ ደክሟት ተኝታለች።»