ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1975

ዶክተሩ መኪናውን ሊሸጥ ነው። ዳሌዬን ሲመረምር ቆየና፣ «መምህርት ይታይሽ፣ ድልድዩን በእግር መመላለስ ይብቃ» አለኝ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «ታዲያ በምን ልመላለስ?» ስለው በመስኮቱ አሳየኝ። በዋርካው ጥላ ሥር አንዲት ነጭ ትንሽ መኪና ቆማለች። ውሉ አልቆ በኅዳር አገሩ ይገባል። «አውቶማቲክ ናት። ግራ እግር ሥራ የለውም» አለ።

ግራ እግር ሥራ የለውም! ጋሪ ላይ ሆኜ ስመለስ ይህችን ብቻ ሳመላልስ መጣሁ።

ግራ እግሬ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ የሰለለ ነው። ከዓባይ ማዶ እስከ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ሲኖር በጋሪ፣ ሲጠፋ በከዘራ። አሁን ዳሌዬ ይህን መሸከም አልቻለም። በዚሁ ከቀጠልሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ቆሜ ማስተማር እንደማልችል ነገረኝ። ጂኦግራፊ ደግሞ ተቀምጠው የሚያስተምሩት አይደለም፤ ካርታው ግድግዳ ላይ ነው። ለእናቴ ይህን አልነገርኋትም።

እቁቡ ወጥቶልኛል። የአሥር ዓመት ቁጠባም አለኝ። ለአሮጌ መኪና ይተርፋል፣ ለአዲስ አይደርስም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ቀረጥ! የውጭ አገር ሰው ያለቀረጥ ያስገባውን መኪና የሚገዛ ሰው ቀረጡን ይከፍላል። የጉምሩኩ ሰውዬ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጥቶ አስቀምጦኝ፣ «እህቴ፣ ቀረጡ የመኪናዋን ዋጋ ያህል ነው» አለኝ። የነጯ መኪና ነገር በዚህ አበቃ። አንድ ቀን ብቻ የእኔ ነበረች።

ጋሼ ሙላት ጋራዥ ሄድሁ። አባቴ በጎንደር መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ ሞተሩን የሚያክምለት እሱ ነበር። ገና በሩ ላይ ስደርስ የግራሶውና የቤንዚኑ ሽታ ተቀበለኝ፤ የአባቴ ካፖርት ሽታ ነው። ትንሽ ቆምሁ።

«ቮልስ ግዢ» አለኝ ጋሼ ሙላት። «በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ብረት በይጄ በእጅ የሚጎተት አደርግልሻለሁ።» ዋጋዋ በእጄ ካለው ግማሽ ነው። ገብቼ ተቀመጥሁ። አንድ እጅ ለመሪው፣ አንድ እጅ ለማርሹ።

«ሦስተኛውን እጅ ከየት ላምጣ ጋሼ?» አልሁት።

እስኪያስለው ሳቀ። አውቶማቲክ ስለው ግን ፊቱ ጠቆረ። «የማርሹ ቤት፣ ካምቢዮው ቢበላሽ ባሕር ዳር ውስጥ ማን ይፈታዋል? እኔ አንድም ቀን ከፍቼ አላውቅም።» ልወጣ ስል ደግሞ ጠራኝ። «ወረታ አንዲት አለች። እንደ አዲስ ናት። ሰውየው እሸጣለሁ ይላሉ፣ ገዢ ሲመጣ ይመልሳሉ።»

ወረታ። ስንት ጊዜ አልፌባታለሁ! ትምህርት ሲዘጋ አባቴ ጋቢና ውስጥ በእሱና በረዳቱ መሐል ያስቀምጠኝ ነበር። የፎገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ያስጨፍነኛል። «ስንተኛ ማርሽ ላይ ነን?» «ሦስተኛ!» «አሁንስ?» በድምፁ ብቻ መለየት ነው። ካወቅሁ ጥሩንባውን እነፋለሁ፤ የፎገራ ላሞች ቀና ብለው ያዩናል። ብዙ ጊዜ አውቅ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

የነፋሁትን ጥሩንባ ከጻፍሁ ያልጻፍሁትም አለ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ሐይቁ ዳር ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አቁሞ መሪው ላይ አስቀመጠኝ። «ፍሪሲዮኑን ርገጪ» አለ። በሁለት እጄ ጉልበቴን ተጫንሁ። ንቅንቅ አላለም። እንደገና። ላብ አጠመቀኝ። አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ስንመለስ ሸንኮራ ገዛልኝ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ የመንዳት ነገር አላነሳም። በእኔ ያፈረ መሰለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ መስሎኝ ኖርሁ።

ዛሬ ራት ላይ ለእናቴ ነገርኋት። ጉርሻዋን ወደ ትሪው መለሰች።

«አፈረ? አባትሽ?» አለችኝ። «ያን ዓመት አሥመራ ድረስ ጭኖ በሄደ ቁጥር ስለ አንድ ዓይነት መኪና ሲጠይቅ ነበር እኮ። ማርሽ የማያስቀይር፣ በአንድ እግር የሚነዳ። አንድ ጣሊያን መካኒክ አለ ብሎት።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«በምኑ ይገዛልሽ? ለልጅ የማይሰጡትን ነገር አያወሩም አለኝ።»

ዕቃ አጥባ እስክትጨርስ ከቦታዬ አልተነሣሁም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19

ቅዳሜ ወረታ ልሄድ ነው፤ የቀበሌ ስብሰባ ስላለ ለመቅረት ፈቃድ ልለምን ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ ቅንድቡን ሰቀለ። «የግል መኪና፣ ጓድ ይታይሽ?» ግራ እግሬን የሚደግፈውን ብረት አሳየሁት። ፈቀደ።

ጋሼ ሙላትም አብሮኝ ሊሄድ ተስማማ። «ለማየት ብቻ» ይላል። የምናየው፦ ሊብሬ። ጎማ። የካምቢዮ ዘይት። ዝገት፣ በተለይ ከሥር። ሰውየው ለምን እንደሚሸጧት።

የቤንዚን ኩፖኑ ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። እሱን በኋላ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ጋሼ ሙላት ባትሪ በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። «ቆማ የከረመች መኪና ባትሪ አይኖራትም» አለ። ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ባትሪ ይሸከማል?

የወረታዋ መኪና ባለቤት ሐጂ ሰይድ የጨውና የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ግቢያቸው ገብተን ሸራውን ሲገልጡት፣ ቢጫ። ትንሽ። የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም።

«የልጄ የጀማል ናት። ሁለት ወር ነዳት» አሉ።

ጀማል ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ደብዳቤው ከቆመ ቆይቷል። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸው ግን ጨመሩ። «ቆማ ከምትሞት ብዬ ነው። ሲመለስ ሌላ እገዛለታለሁ።»

የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። የሾፌር አላምረው ስላቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። «አላምረው! ከጎንደር ጨዬን ሲያመጣ አንድ ከረጢት ጎድሎ አያውቅም!» ልቤ ተስፋ አደረገ። ሐጂም አዩኝ መሰለኝ፤ «ለአባትሽ ስል ሻይ አጠጣሻለሁ። ዋጋው ግን ዋጋ ነው» አሉ። ዋጋውን ነገሩኝ። በእጄ ካለው ይበልጣል።

ሻዩን ጠጣሁ። ጋሼ ሙላት ባትሪውን ገጠመ። በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥሁ፤ የሚንኳኳ ነገር የለም። ጋሼ ሙላት የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ አውጥቶ አሸተተ፤ ለእኔም ሰጠኝ። ቀይ ነው፣ የማረር ሽታ የለውም። ከዘራዬን ጥዬ መሬት ላይ ተቀመጥሁና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳበስሁ። ሸራው ከታች አጭር ስለነበረ ፀሐይ አግኝቷቸዋል።

«ሐጂ፣ አራቱም ተሰነጣጥቀዋል። ክረምቱን አይሻገሩም።»

ጎንበስ ብለው ስንጥቁ ውስጥ ጥፍራቸውን ከተቱ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «የጎማውን ቀንሺ።»

አራት ጎማ ሲቀነስ በእጄ ላለው ልክ ሆነ። ይህን ወር ሽሮ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ሐጂ። «ትነጃታለሽ ወይስ ትነግጂባታለሽ?»

«እነዳታለሁ።»

«መንዳትስ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ያን ጊዜ ነው የሳቁት። ቀብድ ሰጠሁ፤ ሁለት ጎረቤቶች ምስክር ሆነው ፈረሙ። ዋናው ውል በሥራ ቀን ይሆናል። መኪናዋን ግን ያዟት አሉን። በሽርጣቸው ጫፍ የፊት መስታወቱን ጠረጉና ሞተሩ ሳይነሣ ወደ ቤት ገቡ። ተመልሰው አልወጡም።

ጋሼ ሙላት ቀስ ብሎ ነዳ። ፎገራን ስናልፍ አንድም ማርሽ አልቀየረም። እሷው ራሷ ስትቀይር ግን ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 21

ከቅዳሴ በኋላ ሐይቁ ዳር ሜዳ ወጣን። እናቴ አልቀርም ብላ ከኋላ ተቀመጠች። ጋሼ ሙላት ዘንጉን አሳየኝ፤ ፍሬኑን ረግጬ ዘንጉን ሳብሁ። ከዚያ ፍሬኑን ለቀቅሁ። ቤንዚን ሳልሰጣት ራሷ መሄድ ጀመረች! ጮኼ እንደገና ረገጥሁት። ጋሼ ሙላት ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር አጋጨ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «በስመ አብ» አለች።

ሁለተኛው ተሻለ። በሦስተኛው ሄድሁ። ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ደንገል ካሰጡበት ጥግ ድረስ ሄጄ፣ ዞሬ፣ ተመለስሁ።

«ቀስ በይ፣ ሰው አለ!» አለች እናቴ።

«ፍየል ናት፣ እማዬ።»

«ፍየልም ብትሆን።»

ሰባት ጊዜ ተመላለስሁ። ጋሼ ሙላት ከአራተኛው በኋላ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየን ጀመር። ያን የካምቢዮ ሥጋቱን ዛሬ አላነሳም።

መንጃ ፈቃድ ይሰጡኝ እንደሆነ አላውቅም። እንዲህ ያለ እግር ይዞ የጠየቀ ሰው ጋሼ ሙላትም ሰምቶ አያውቅም። ማመልከቻዬን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ዶክተሩ ሳይሄድ ወረቀት እንዲጽፍልኝ እለምነዋለሁ። እምቢ ካሉኝ ሌላ ቢሮ እሄዳለሁ።

እናቴ ውኃ አሙቃ ልታሸኝ መጣች፤ እንደ ልማዷ ግራ እግሬን ያዘች። አይደለም አልኋት። ዛሬ የዛለው ቀኙ ነው።