ራሷን ያልመሰለችው እናቴና ሰባተኛው ምዕራፍ

ለተከበሩ የመድኃኒት ማደያ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ባለፈው ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤትዎ ምድር ቤት የተተከለው ፊት የሚለይ መሣሪያ፣ እናቴ እሷ አለመሆኗን አስታውቋል። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ በመጽሔታችሁ ላይ በምጽፈው ተከታታይ ልብ ወለድ ላይ የአንባቢያን ኮሚቴ የሰጠው አስተያየት ደርሶኛል።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። በተለይም ፊትዎ፣ ቅንድብዎም ሆነ ከንፈርዎ፣ በተመዘገበበት ዕለት እንደነበረ ሳይዛነፍ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ዓይነት ምኞት ለማንም ተመኝቼ አላውቅም፤ አስፈላጊነቱ የገባኝ በቅርቡ ነው።

ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ ስለሚወጣ፣ ሌላው አንባቢ ግር እንዳይለው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ዜና በመጻፍ ነው። መጽሔታችሁ ስለ መጪው ዘመን የሳይንስ ልብ ወለድ እንድጽፍለት ሲጋብዘኝ፣ መሣሪያ ሰዎችን «አንተ አንተ አይደለህም» የሚልባት አንዲት ከተማ ፈጠርኩ። ስድስት ምዕራፎች ታትመዋል። ሰባተኛውን፣ አንዲት አሮጊት መድኃኒቷን የምትከለከልበትን፣ ከላክሁ በኋላ እናቴን ስትሮክ መታት። ጎረቤቶቻችን ሟርተኛ ይሉኛል፤ አልፈርድባቸውም።

እናቴ ተርፋለች፤ የፊቷ ግራ ጎን ግን ወደ ታች እንደወረደ ቀርቷል። ሐኪሟ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን አዘዘላትና፣ ለአንድ ቀን ከተቋረጠ የሚቀጥለው ስትሮክ ፊት በማጣመም ብቻ ላይመለስ እንደሚችል ነገረኝ። ክኒኑ ከእናንተ መስኮት በቀር የትም አይገኝም። መስኮቱን የሚከፍተው ደግሞ የበሽተኛው ፊት ነው። ከሆስፒታል ይዛው የወጣችው እያለቀ ነው።

አሁን ወደ ኮሚቴው አስተያየት ልመለስ። አንድም ሳይቀር በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ፤ ያደረግኩትንም ማሻሻያ በየተራ አቀርባለሁ።

፩. ኮሚቴው የመስኮቱ ሠራተኛ ሮቦት መሆኑ «ታሪኩን ከልክ በላይ ጨካኝ አድርጎታል» ብሏል። ልክ ነው። የእናንተ ሠራተኛ ሮቦት አይደለም፤ እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን ስትወስድ ጀምሮ የሚያውቃት፣ ስለ ጉልበቷ የሚጠይቃት፣ ወንበር የሚያመጣላት ጨዋ ልጅ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ ሥር፣ ካሜራው ፊት አስቀመጣትና፣ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ፈገግ ይበሉልኝ፤ ሲመዘገቡ ፈገግ ብለው ነበር» አላት። እናቴም፣ «ግማሹን ፈገግ ብያለሁ ልጄ፤ የቀረውን አንተ ጨርስልኝ» አለችው። እሱም ሳቀ፣ ወረፋ የያዘውም ሕዝብ ሳቀ፤ መሣሪያው ግን ቀይ አበራ። ልጁ «እኔማ አውቃቸዋለሁ፤ ሲስተሙ ነው እምቢ ያለው» ብሎ አንገቱን ደፋ። ስለዚህ ሮቦቱን አውጥቼ ደግ ሰው አስገብቻለሁ። ምዕራፉ ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈራል፤ ምስጋናው የእናንተ ነው።

፪. በታሪኩ ውስጥ አሮጊቷ የሚደርሳት መልእክት «የተጋነነ ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት የለም» ተብሏል። እኔ የጻፍኩት «ማንነትዎ ውድቅ ሆኗል» የሚል ነበር። ሰኞ ዕለት ከበሩ ሳንወጣ በእናቴ ስልክ ላይ የገባው እንዲህ ይላል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ራስዎን መስለው ባለመቅረብዎ አገልግሎትዎ ለጊዜው ተቋርጧል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ስንት ዘመን ስጽፍ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከብዕሬ ወጥቶ አያውቅም። የእኔን ሰርዤ የእናንተን ቃል በቃል አስገብቻለሁ። የደራሲነት መብት የሚጠይቅ ካለ ስሙን ይላክልኝ፤ በደስታ እጠቅሰዋለሁ።

፫. ታሪኩ የሚሆንበት ጊዜ «ቢያንስ ሃምሳ ዓመት ወደ ፊት ይገፋ» የሚል አለ። ገፍቼዋለሁ።

፬. በመጨረሻም ኮሚቴው ምዕራፉ በተስፋ እንዲቋጭ፣ አሮጊቷም «ለሚመለከተው አካል አመልክታ መፍትሔ እንድታገኝ» አሳስቧል። በዚህኛው ላይ ብዙ ለፋሁ። የሚመለከተውን አካል አግኝቼ እንዳለ ልገልብጠው ብዬ በማግሥቱ ማክሰኞ አቤቱታ ወደሚቀርብበት ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። እዚያ ያሉት ባለሙያ እጅግ ትሑት ሴት ናቸው። መሣሪያው የሚያውቀው የቅርብ ዘመድ እናቴን ማረጋገጥ እንደሚችል ነገሩኝ። መሣሪያው ያውቀኛል፤ አረንጓዴ አበራልኝ። ደስ ብሎኝ እናቴ ናት ብዬ ልፈርም ስል፣ ባለሙያዋ ቅር እያላቸው፣ ልጇ መሆኔን አስቀድማ እናቴ ማረጋገጥ እንዳለባት አስረዱኝ። በምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «በፊቷ ነዋ፣ ወንድሜ» አሉኝ። አላፌዙብኝም፤ እውነት ነው የነገሩኝ። ይህን በታሪኩ ውስጥ ባስገባ ኮሚቴው የማይታመን ነው ይለኛል ብዬ ትቼዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የሚቸግረኝ የምቆጣው ሰው ማጣቴ ነው። የመስኮቱ ልጅ ደግ ነው፤ የሁለተኛ ፎቋ ሴት ትሑት ናቸው፤ የአንባቢያን ኮሚቴው ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳያልፍ አርሞልኛል። በታሪኬ ውስጥ ክፉ ሰው ነበረኝ፤ እናንተ ዘንድ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆማ የወረደውን ጉንጯን በጣቷ ወደ ላይ ትገፋና፣ «ና እስቲ እየኝ፣ አሁንስ እኔን መሰልኩ?» ትለኛለች። መሰልሽ እላታለሁ። ጣቷን ስታነሣ ይወርዳል። «አንተማ ምን ታውቃለህ» ትለኛለች።

ማንነት የሚያጣራ ሌላ ኮሚቴ ጉዳይዋን የሚያየው በመጪው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መሆኑ ተነግሮኛል። ሰባተኛው ምዕራፍ ማተሚያ ቤት የሚገባውም በዚሁ ሐሙስ ነው። ክኒኑ የሚያልቀው ግን ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ፣ ማክሰኞ ነው። የምዕራፉን የመጨረሻ ገጽ ባዶ ትቼዋለሁ፤ በተስፋ ይቋጭ ያሉት እናንተ ናችሁና፣ ብዕሩም በእናንተ እጅ ነው።

ስለ ትዕግሥታችን ላቀረባችሁት ምስጋና አጸፋውን እያመሰገንኩ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ በሚገባው አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

በመሣሪያዎ የታወቅሁ፣
የእናቴ ልጅ መሆኔ ግን ገና በመጣራት ላይ ያለ ጸሐፊዎ

ማስታወሻ፦ ከላይ የጠቀስኩት የአዳራሹ ፎቶግራፍ፣ «እናውቅዎታለን» የሚል መፈክር የተጻፈበት፣ የእናቴ ነው። መሣሪያው በተመረቀ ዕለት መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ስለነበረች ራሳችሁ ያነሣችኋት ናት። ሰኞ ዕለት ከመውጣታችን በፊት እናቴ ቀና ብላ ፎቶግራፏን አየቻትና፣ «በይ እንግዲህ፣ አንቺን ያውቁሻል፤ ክኒኑን አንቺ ተቀበይልኝ» አለቻት። አጣሪው ኮሚቴ ሐሙስ እስኪወስን ድረስ መድኃኒቱን ለፎቶግራፏ መስጠት የሚቻል ከሆነ፣ ማክሰኞ ጠዋት መሰላል ይዤ እመጣለሁ።