ቢሮህን አገኘሁት

ይድረስ ለወንድሜ ለወንድወሰን፤ ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ለጤናህ እንደምን አለህ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍስ ትጠግባለህ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ የእማዬ ጨጓራ ሰሞኑን ስላልተነሳባት፣ ታናሽህ ተድላም ስለሚበላና ስለሚስቅ ነው። እኔ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ በር ድረስ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኬን ተድላ ይከፍተዋል፤ አንተ የምትልከውን ሁሉ ለእማዬ የሚያነብላት እሱ ነው። የጎረቤታችን የኦቦ ነጋሳ ልጅ ወርቂቱ ለእረፍት መጥታ ሰንብታ ማክሰኞ ወደ ዱባይ ስለምትመለስ በእጇ ይድረስህ ብዬ ነው። ፖስታውን ብቻህን ሆነህ ክፈተው።

ከጥር ወዲህ ገበያው መግቢያ ካለው ፎቶ ቤት ፎቶ ማንሳትና በኮምፒውተር ማስተካከል እየተማርኩ ነው። የሚያስተምሩኝ ባለቤቱ ኦቦ ሲሞን ናቸው። ካሜራው ዲጂታል ስለሆነ ጣት ከመጫን ሌላ ሥራ ያለው አልመሰለኝም ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ያነሳሁት ሁሉ ብዥ አለ፤ እጄ አያርፍማ። ሰውየው ዓይኑን ሳይጨፍን ልድረስበት ብዬ ስቸኩል የምንቀሳቀሰው እኔው ነኝ። ኦቦ ሲሞን ከኋላዬ ቆመው ሱታ፣ ሱታ ይሉኛል፤ ቀስ በይ፣ ትንፋሽሽን ያዢና ተጫኚ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ቀስ በይ ሲሉኝ እንደሚብስብኝ ታውቃለህ።

ፎቶሾፕ ላይ ስቀመጥ የባሰ ጉድ አመጣሁ። ከፊት ላይ ነጠብጣብ ማጥፋት ከቻልኩ ወዲያ የማላጠፋው ነገር አልነበረም። ከካቺሲ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ አንድ ሽማግሌን ግንባራቸውን እንደ ሕፃን አለስልሼ አትሜ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና፣ ይህ ልጄ ነው፣ እሱ መታወቂያ አለው፤ የእኔን ስጡኝ አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን አፈርኩ።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ፤ ፈርቼ ነው ዙሪያውን የምዞረው። እዚህ ያሉ ፎቶ ቤቶች ባክግራውንድ ከኢንተርኔት እያወረዱ በፍላሽ ይለዋወጣሉ። ሰዉ ባዶ ግድግዳ ሥር ይነሳና ከኋላው ፏፏቴ ወይም መኪና ይገባለታል። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ኦቦ ሲሞን በነዚህ ተለማመጪ ብለውኝ ፎልደሩን ከፍቼ አንድ በአንድ ሳይ፣ አንዱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቡናማ ጠረጴዛ፣ ጥቁር የቆዳ ወንበር፣ ጥግ ላይ ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ፣ በመስኮቱ በኩል ረጃጅም ፎቆች። እማዬ በፍሬም አድርጋ ከቴሌቪዥኑ በላይ የሰቀለችው የአንተ ቢሮ ነው። ወንበሩ ላይ ግን ማንም የለም።

የሚመሳሰል ቢሮ ሞልቷል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። በማግስቱ ፎቶህን ይዤ ሄጄ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ማስቀመጫው አፍ ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር አንድ ናት። መስኮቱ በግራ ነው፤ ፊትህ ላይ ያለው ብርሃን ግን ከቀኝ ይመጣል። ትከሻህ ዳር የቀረች ቀጭን ነጭ መስመርም አለች፤ ጀማሪ የቆረጠው ፎቶ ላይ እንዲህ ይቀራል፤ ከራሴ አውቀዋለሁ። ኦቦ ሲሞንን፣ ያንተን ፎቶ ሳላሳያቸው፣ ይህ ቢሮ የማን ነው አልኳቸው። ይሄማ ውጭ የሄደውን የጉደርና የባኮ ልጅ ግማሹን ቀጥሯል ብለው ሳቁ።

አልደብቅህም፣ ተናድጄብህ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ቢሮህ ለሰው ያወራሁት ሁሉ እየታወሰኝ ብቻዬን ተቃጠልኩ። ቀጥሎ ደግሞ አሳዘንኸኝ። ሸሚዝ ተውሰህ ግድግዳ ሥር ስትቆም ታየኝ። ወርቂቱን ስለ ሥራህ ብጠይቃት፣ ጠንካራ ነው፣ ይሠራል አለችኝና ወሬውን ወደ ዱባይ ሙቀት አዞረችው። የምትሠራው ምንም ይሁን ምን አላፍርብህም። ነገሩ በእኔና በአንተ መካከል የሚቀር ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ዝም እል ነበር።

ግን ተድላ አለ። ጉደር ካምፓስ ሁለተኛ ዓመት ነው፣ ውጤቱም ጥሩ ነው። ከፋሲካ በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አንተ ሊመጣ ቆርጧል። ና እንዳላልኸው አውቃለሁ፤ ቆይ ብቻ ነው የምትለው። እሱ ግን ቆይ ያልኸው ቦታ እያመቻቸህለት እንደሆነ ነው የሚያስበው። እማዬ መጀመሪያ እንቢ ብላ ነበር። ያሳመናት ፎቶህን እያሳየ ነው፤ ወንድሙ እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጦ ልጁ ምን ይሆናል አለች።

እኔ የሠራሁትንም ስማ። ባለፈው ቅዳሜ ተድላ ፎቶ ቤት መጣና ከወንድሜ ጋር አድርጊኝ አለኝ። እንቢ ብለው ለምን ይለኛል፤ ለምኑን ብነግረው ደግሞ አንተን አሳልፌ መስጠት ነው። አነሳሁትና ከጠረጴዛህ አጠገብ አቆምኩት። ብርሃኑን ከአንተ ጋር አስማማሁት፣ ጠርዙን አለሰለስኩት፣ ነጭ መስመር የሚባል አልቀረበትም። ኦቦ ሲሞን ፎቶው ላይ አንተን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ እንደ ቀድሞው አልሳቁም። እጅሽ ተፈትቷል ብቻ አሉኝ። እማዬ ሁለታችሁንም ሳመችና የድሮውን አውርዳ ይህንን ሰቀለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ነው የምበላው።

ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ ራስህ ንገረው። እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ ቢያምነኝም ከዚያ በኋላ አንተን በድሮው ዓይን አያይህም። ከአንተ አፍ ከሰማው ይከፋዋል፣ ይተኛል፣ ሲነሳ ወንድሙ ነህ። የምትተኛበትን ክፍል አንሳ፤ የሥራ ልብስህን እንደለበስክ፣ እንደደከመህ ተነሳና ላክለት። ብዥ ቢል ግድ የለም፤ እኔ አልነካካውም። እስከ ሆሳዕና እጠብቃለሁ። ፎቶህ ካልመጣ ፎልደሩን ከፍቼ ባዶውን ወንበር አሳየዋለሁ። ትቀየመኛለህ፤ ይሁን።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ጾሙን ከሥራህ ጋር እንዳታጠብቀው ብላሃለች። አክስታችን አሰፋሽ ቤተ ክርስቲያን በሄደች ቁጥር ስምህን ሳትጠራ አትመለስም። ኦቦ ነጋሳና ቤተሰባቸውም ሰላም ብለውሃል። ተድላ ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኑን አይቶ፣ ቢሮው ውስጥ ክራባት ግዴታ መሆኑን ጠይቂልኝ፣ ከአሁኑ ማሰር ልለማመድ ብሎኛል። ይኸው ጠየቅኩህ።

እህትህ ሳምሪ
አምቦ፣ መጋቢት 21 ቀን 2011 ዓ.ም.