«ሲጉሮ» ያልኩበት ቀን

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፔርላ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም አባባን ብቻሽን ደግፈሽ ታነሺዋለሽ? እሱስ እንዴት ነው? ቀኝ እጁ ማንኪያ መያዝ ጀመረ? እንቅልፍስ ይወስደዋል? በስልክ በጠየቅኩሽ ቁጥር «ደህና ነው» ትይኛለሽ፤ ግን ያን ስትይ ድምፅሽ ዝቅ ይላልና ልቤ አያርፍም። ትንሿ ቢያ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ባለፈው ወር ጣራው አፈሰሰ ብለሽኝ ነበር፤ ተደፈነ? እኔ ከናፍቆታችሁና አሁን ከማጫውትሽ ጭንቀት በቀር በአካሌ ደህና ነኝ። ብርዱንም ለምጄዋለሁ፤ እሱም እኔን ለምዶኛል መሰለኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስደነግጥሽ አይቀርም። ሰው አልሞተም፣ እኔም አልታመምኩም። ስንደዋወል አባባ አጠገብሽ ሆኖ ያዳምጣል፤ ይህ ደግሞ እሱ የሚሰማው ነገር አይደለም። ፊትሽን እያየሁ ልናገረውም ድፍረቱ የለኝም። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ ከዚያ ብትቆጪኝ እውነት አለሽ።

እንግሊዝኛ የማስተምርበት ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል መሆኑን ነግሬሻለሁ። ዘንድሮ ተማሪዎቹ አምስት ናቸው፦ የዳቦ ጋጋሪው የኤሊሴዮና የሚስቱ የማይቴ ሁለት ልጆች፣ በግ የሚያረባው የሞሮኮው ሰው ሦስት ልጆች። ከአራት ካነሱ ይዘጋል። ከተዘጋ የቀሩት ሕፃናት በዚያ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ወዲያ፣ አንድ ሰዓት ወዲህ ሊንገላቱ ነው። የመንደሩ ሰው እንደሚለው ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ቦታ ቀጥሎ የሚዘጋው ዳቦ ቤቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙም በሳምንት አንድ ቀን መምጣቱን ይተዋል። ለዚህ ነው እዚህ ልጅ ያለው ሰው ወዴትም ሲንቀሳቀስ አገር የሚያየው።

የዛሬ ሁለት ዓመት የመጣሁ ሰሞን ምን ያህል አለቅስ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሰዎቹ ሲያወሩ የተጣሉ ይመስለኝ ነበር። ምሳ በስምንት ሰዓት ተኩል ይበሉና በር ሁሉ ይዘጋል፤ መንገድ ላይ ከድመት በቀር ነፍስ የለም። ሽማግሌዎቹ ስሜን ትተው «ቻይናዊቷ» ይሉኝ ነበር። አከራዬ እማማ ቪሲታሲዮን አንድ ቀን ቡና ቤቱ ድረስ ሄዳ፣ «አገሯ ፊሊፒንስ ነው፣ ስሟ ሊዋይዋይ ነው፤ አንደበታችሁ ካልቻለው ሊዋይ በሏት፤ እሱም ካቃታችሁ ዝም በሉ» ብላ ቆጣቻቸው። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ የማትፈራው ሰው የለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በጃንዋሪ መጨረሻ፣ አባባ መታጠቢያ ቤት ወደቀ ብለሽ የደወልሽልኝን ጠዋት አትረሺውም። ማታ የዳቦ ከረጢቴን በሬ ላይ ማንጠልጠል ረስቼ ነበርና ስልኩን ዘግቼ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሰልፉ ውስጥ ቆሜ አሳቤ እናንተ ዘንድ ነበር፤ ጭንቅላቱን መቶት ይሆን፣ ማን አነሳው እያልኩ። ተራዬ ሲደርስ ማይቴ ዳቦውን በወረቀት እየጠቀለለች፣ «ሊዋይ፣ ለሚመጣው ዓመትስ እዚሁ ነሽ?» አለችኝ። እኔም «ሲጉሮ» አልኩና ወጣሁ።

እኛ ቤት «ሲጉሮ» ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ምናልባት፣ ይሆናል፣ እንጃ ማለት ነው። ቃሉ ግን ከእነዚህ ከእስፔን ሰዎች የመጣ ነው፤ እነሱ ዘንድ «ሴጉሮ» ማለት በእርግጥ፣ ያለ ጥርጥር፣ ቃሌ ነው ማለት ነው። ልዩነቱን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሬ አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። የዚያን ጠዋት ግን ምላሴ የእናቴን ቋንቋ ተናገረ። እኔም መናገሬን ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ተለወጠብኝ። ሁልጊዜ ማታ በሬ ላይ በማንጠለጥላት ከረጢት ውስጥ፣ ጠዋት ከዳቦው ጋር አኒስ በሚባል ቅመም የተጋገረ ብስኩት ማግኘት ጀመርኩ። የማገዶ እንጨት ተፈልጦ በሬ ሥር ተደርድሮ አገኘሁ፤ ማን እንዳመጣው የሚነግረኝ ጠፋ። ቡና ቤት ስገባ ሽማግሌዎቹ ወንበር ይለቁልኝና «መምህርታችን መጣች» ይላሉ። እኔ ሞኟ በመጨረሻ ወደዱኝ ብዬ ልቤ ሞቀ፤ ላንቺም በደስታ ነግሬሽ ነበር።

በማርች መጀመሪያ ላይ ከእማማ ቪሲታሲዮን ጋር ወጥ ቤቷ ተቀምጠን ምስር እንለቅማለን። ድንገት ቀና አለችና፣ «ኤሊሴዮ የከተማውን ሥራ እምቢ አለ እኮ። አልሰማሽም?» አለችኝ።

«የምን ሥራ?» አልኳት።

«ቴሩኤል ውስጥ ትልቅ ዳቦ ቤት ሊቀጥሩት ነበር። ቤት ሁሉ አይተው መጥተዋል። ማይቴ ናት እንሂድ እንሂድ የምትለው፤ ልጆቼ እንግሊዝኛ ሳያውቁ ሊቀሩ ነው እያለች። አንቺ እንደምትቆዪ ስትነግሪያት ግን አሳቧን ለወጠች። ከተማ ሳንሄድ ከተማው መጣልን አለች። በአንቺ ነው የቀሩት፣ ልጄ።»

እትዬ፣ ምስሩ ከእጄ ተበተነ። ምን ሆንሽ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አባባን፣ አንቺን፣ ባልሽ ሮዴል ዳቫዎ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን መቀመጡን፣ በጁን መጥቼ ልተካሽ ቃል መግባቴን። እሷ መነጽሯን አውልቃ ስትሰማኝ ቆየችና፣ «እና እኛ አገር የመጣሽው ልታስተምሪን ነው ልትቀልጂብን?» አለችኝ። ደግሞ ወዲያው እጄን ያዘች። «ከቄሱ እስከ እረኛው ሁሉም ሰው ይሳሳታል። አሁን ተነሺና ንገሪያቸው።»

አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን ዛሬ፣ አንድ ቀን ነገ እያልኩ አሥር ቀን አለፈ። ብስኩቱ ከረጢቴ ውስጥ በየጠዋቱ ይመጣል፤ እኔ አንዱንም መዋጥ አቃተኝ። ክፍል ውስጥ ትልቋ ልጃቸው ኔሬያ፣ «በሚቀጥለው ዓመት ይህን መዝሙር በገና በዓል እንዘምረዋለን አይደል?» ስትለኝ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ጠመኔ የፈለግኩ መሰልኩ። ማይቴን በሩቅ ሳያት በሌላ መንገድ እዞራለሁ። በዚች ሚጢጢ መንደር ደግሞ ያለው ሌላ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በእማማ ቪሲታሲዮን በር ያልፋል። ታየኛለች። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ መንገዴን ዘግታ ቆመችና፣ «ዛሬ ካልነገርሻቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። እኔ ከተናገርኩ ደግሞ ጨውና በርበሬ እጨምርበታለሁ» አለችኝ።

ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሄድኩ። ኤሊሴዮ የሊጥ ገንዳውን ያጥባል፣ ማይቴ ወለሉን ትጠርጋለች። ቆሜ ተናገርኩት። ቃሉ እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ፣ የዚያን ቀን ጠዋት አባቴ ወድቆ እንደነበር፣ በጁን እንደምሄድ። ስጨርስ ማይቴ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና፣ «ሁለት ዓመት እዚህ ኖረሻል። ዳቦ ስትጠይቂ አንድም ቀን ተሳስተሽ አታውቂም» አለችኝ። «ልጆቼን በአንቺ ቃል ነው ያስቀመጥኳቸው።»

«ይቅርታ» አልኩ።

ኤሊሴዮ ጀርባውን እንደሰጠን፣ «አባትሽን የሚይዘው ማን ነው?» አለኝ።

«እህቴ።»

«ብቻዋን?»

«አዎ፣ ብቻዋን።»

እጁን ጠራረገና፣ «የኔ አባት ሲታመም እኔ ባርሴሎና ነበርኩ። እህቴ እዚህ ነበረች። ዛሬም ድረስ ስንገናኝ ስለ አየሩ ብቻ ነው የምናወራው» አለ።

ማይቴ ግን፣ «አሁን አባትህን አታምጣብኝ» አለችው። «ሥራውን እምቢ ያስባልኩህ እኔ ነኝ። አገሩ ሁሉ ነገ በእኔ ይስቃል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሂጂ፣ ሊዋይ። ክፉ ሳልናገርሽ ሂጂ» አለችኝ። ወጣሁ።

የሚቀጥለውን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እዚህ ሰው ሲገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል፤ እኔ ስደርስ እጅ በኪስ ይገባል። ከረጢቴ ባዶውን ያድራል፤ ዳቦ ልገዛ ስቆም ማይቴ ዓይኗን ከእኔ በላይ ወርውራ «ቀጣይ» ትላለች። የሞሮኮው ሰው ሚስት ሳይቀር የትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቁማኝ፣ «ትምህርት ቤቱ ይዘጋል ይባላል፤ ልጆቼ ትንንሽ ናቸው፣ በአውቶቡሱ ያስመልሳቸዋል» አለችኝ። የማይቴ ልጆች ግን አንድ ቀን አልቀሩም። ኤሊሴዮ ራሱ እያመጣቸው በሩ ላይ ባርኔጣውን ያነሳልኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ማይቴ ሽርጧን ሳታወልቅ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ሊጥ ጥፍሯ ላይ ደርቋል። ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች አንዱን ስባ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯ ድረስ መጣ። ለመሳቅ አልደፈርኩም።

«ለከተማው ዳቦ ቤት ደወልን» አለችኝ። «ሌላ ሰው ቀጥረዋል። ስለዚህ ወደድንም ጠላንም ዘንድሮ አንሄድም። ይቅርታ አድርጌልሽ የመጣሁ እንዳይመስልሽ።»

«አይመስለኝም» አልኳት።

«ከአንቺ በኋላ ሰው ይላኩ አይላኩ የሚያውቅ የለም። ትምህርት እስኪዘጋ ስንት ሳምንት አለ?»

«አሥራ ሁለት።»

«እንግዲያው በየቀኑ ዳቦ ቤቱን ስዘጋ እመጣለሁ። እንግሊዝኛውን አስተምሪኝ። አንቺ ስትሄጂ ልጆቼን የምይዘው እኔ ነኝ።» ሽርጧን አራገፈችና፣ «ትምህርት ቤት የተውኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ብትስቂብኝ በዚህ ወንበር ነው የምመታሽ» አለችኝ።

ሰኞ ዕለት ጀመርን። ልጆቿ አጠገቧ ይቀመጡና ስትሳሳት ያርሟታል፤ እሷ ደግሞ ትቆጣቸዋለች። በሦስተኛው ቀን የሞሮኮው ሰው ሚስትም መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጠይቃ አይደለም፤ ዝም ብላ። ማይቴ እስካሁን አልሳመችኝም። ትመጣለች፣ ትጽፋለች፣ ትሄዳለች። እኔም እያስተማርኩ ልቤ አያርፍም፤ አሥራ ሁለት ሳምንት ለአንድ ቋንቋ ምን ያህል ነው? ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ተረፈ፤ ለከርሞ ግን ዋስ የሚሆን የለም። እኔ ስሄድ የሚሆነውን ከሩቅ ሆኜ በወሬ ነው የምሰማው።

እዚህ ድረስ ያለው እነሱ የተቀየሙኝበት ነው። አሁን አንቺ የምትቀየሚኝበትን ልንገርሽ፤ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ለዚህ ነው። እነሱን ያሳዘናቸው «በእርግጥ» ያልኩ መስሏቸው ነው። እኔ ያልኩት «ምናልባት» ነው። ግን እትዬ፣ ላንቺ በጁን እመጣለሁ ብዬ ከምዬልሽ በኋላ «ምናልባት» ከየት መጣ? አባባ በወደቀበት ጠዋት፣ አንቺ ከወለሉ እያነሳሽው፣ እኔ እዚህ «ይሆናል፣ ልቆይ እችላለሁ» የምትል ልብ ነበረችኝ። ምላሴን ያንሸራተተው አንድ ፊደል ነው፤ ሐሳቡ ግን የራሴ ነበር። የራሴ ክፍል፣ የራሴ ቁልፍ፣ የማንንም ጀርባ ሳላጥብ የምተኛበት አልጋ ለምጄ ነበር። ለማንም ያልነገርኩት ይህ ነው። ለእማማ ቪሲታሲዮንም ሳይቀር።

ስለዚህ ባለፈው ረቡዕ ከተማ ወርጄ ቲኬቱን ቆረጥኩ። ጁን 24 ከዚህ ተነስቼ ጁን 26 ማኒላ እገባለሁ፤ በማግስቱ ከእናንተ ጋር ነኝ። ለሮዴል አሁኑኑ ንገሪው፣ የዳቫዎውን ቤት ያጽዳ። ከዚያ ወዲህ አባባን የማነሳው እኔ ነኝ። ወገብሽ ይረፍ። መልስሽን እስካገኝ ድረስ እህል አይወርድልኝም፤ ተቆጥተሽም ቢሆን ጻፊልኝ፣ ዝምታሽን ነው የማልችለው።

ትንሿን ቢያን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ እዚህ እንዲህ ነው የሚሳመው በያት። ለሮዴል ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የታገሠኝን ያህል አምላክ ይታገሠው። ለጎረቤታችን ለአክስት ኔኒታ፣ አባባን በወደቀበት ቀን አብራሽ ስላነሳችው ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት። እማማ ቪሲታሲዮንም ሳታውቃችሁ ሰላም ብላችኋለች።

አባባን ግንባሩን ሳሚልኝ። የጻፍኩትን አታንብቢለት። ሊዋይ መቼ ነው የምትመጣው ብሎ ሲጠይቅሽ እንደ ሌላው ጊዜ «በቅርቡ» አትበይው፤ ቀኑን ንገሪውና ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በግራ እጁ ራሱ ይክበበው።

እህትሽ ሊዋይዋይ

ቶሬሴካ፣ ቴሩኤል፣ እስፔን
ማርች 31 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.