ሆሳዕና ያልሄድኩበት ሳምንት

ሰኞ

ዋሸሁ። ለአስቴር «እናቴ ጋ ሆሳዕና ሄጃለሁ፣ የሐሙሱን ለሌላ ሰው ስጡልኝ» ብዬ መልእክት ላክሁ። የላክሁት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በየሳምንቱ ከቤት ቤት እየዞርን የምንጸልይበት ኅብረት አለን፤ አስቴር መሪያችን ናት። ሐሙስ ተራው የኔ ነበር። ያ ሁሉ ሰው በዚህ ቤት? ሳህኑ አልታጠበ፣ ጸጉሬ አልተነካ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለክረምት ከተዘጋ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ የሆነ ነገር ይጫነኛል። በጋ ላይ ሌላ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼ አሁን ቢያዩኝ አያውቁኝም።

ለምን እውነቱን አልናገርም? አምና ያየሁት ይበቃኛል። አንዲት እህት «ከፍቶኛል» ብትል የድብርት መንፈስ ነው ተብሎ ጉባኤ ፊት ተጸለየላት። መጸለዩስ ባልከፋ። ከዚያ ወዲህ ግን ልጆች እንድታስተምር የጠራት የለም። እኔ የእሁድ ልጆቼን ከነጠቁኝ ምን ይቀረኛል?

ማክሰኞ

በገዛ ቤቴ ተደብቄአለሁ። መብራት አላበራም። የምራመደው በካልሲ ነው። ማንኪያ ወደቀብኝና ባለሁበት ቆሜ ደረጃውን አዳመጥኩ።

አስቴር «እናትሽን ሳሚልኝ» ብላ መለሰችልኝ። አፈርኩ። ከሰዓት እማዬ ራሷ ደወለች። አላነሳሁም፤ ድምፄን ከሰማች ታውቃለች። ደግማ ደወለች። ስልኩን ትራስ ስር ከተትኩት።

የበላሁት፦ የደረቀ ዳቦ፣ በቀዘቀዘ ሻይ። ያደረግሁት ጥሩ ነገር፦ ጥርሴን ቦረሽኩ። ይኼም ይጻፍልኝ።

ረቡዕ

በር ተንኳኳ። እትዬ ዘይነባ ናቸው፣ ከኔ በታች ያሉት። ኮልፌ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ሳል ሲይዘኝ ዝንጅብል አፍልተው የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው። «ቲጂ» አሉ። ትንፋሼን ያዝኩ። ደገሙ። ከዚያ ለአንዷ ጎረቤት፣ አገር ቤት ሄዳለች መሰል፣ ሲሉ ሰማሁ፤ ደረጃውን ወረዱ። እጄ እጀታው ላይ ነበር። ለምን እንዳልከፈትኩ አላውቅም። ኧረ አውቃለሁ፤ ብከፍት አለቅሳለሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደ።

ዝናቡ አላባራም። ነገ ባልነቃ ምን ይጎድላል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ፈራሁት። እዚህ የጻፍኩት ብቻዬን ይዤው እንዳላድር ነው።

ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ሲመጣ ድምፁን እንድሰማ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ከትቼ ልተኛ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው እንዲያ ነው።

ሐሙስ

ውሃው መጣ። እኔ አልሰማሁም።

የነቃሁት በር ሲደበደብ ነው። ቀጥሎ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ትርፉን ቁልፍ አስቴር ጋ ማስቀመጤን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ወለሉ ውሃ ነው። በሌሊት ልብሴ እፊታቸው ቆምኩ፣ አስቴርና እትዬ ዘይነባ። ኮርኒሳቸው ሲያንጠባጥብባቸው፣ ቤቱ ሰው የለውም ብለው ለአስቴር የደወሉት እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሲያዩኝ አፋቸውን በሻርፓቸው ያዙ። አስቴር ግን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ሄዳ ቧንቧውን ዘጋች።

«አልሄድኩም» አልኩ። «ክረምት ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። መነሳት ያቅተኛል።»

አስቴር እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። የፈራሁት መጣ አልኩ። እትዬ ዘይነባ መወልወያ ጨርቁን አቀበሏት።

«ዱዓው ይደርሳል የኔ ልጅ። መጀመሪያ ውሃው ይጠረግ፣ ሶፋዬ ላይ እየወረደ ነው።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ስንጠርግ እኔ አለቅሳለሁ፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም።

ዓርብ

አስቴር ብቻዋን መጣች። የረቡዕን ሐሳብ ነገርኳት። እሷም የራሷን ነገረችኝ፤ አለመሄዴን ያወቀችው ማክሰኞ ነው። እኔ ስልክ ባላነሳላት እማዬ ለሷ ደውላ ኖሯል።

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?» አልኳት።

«ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ። አምና ያቺን እህት ጉባኤ ፊት ያቆምኳት እኔ ነኝ።»

ተናድጄባታለሁ፤ አዝኜላታለሁም። ሰኞ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ብቻዬን እንዳላድር ተስማምተናል፤ የማድረው እትዬ ዘይነባ ጋ ነው፣ እኔው ባረጠብኩት ሶፋ ላይ። ለእማዬም ደወልኩ። ተቆጣችኝ፣ ደስ አለኝ።

ስለ እሁድ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። አስቴር በሩ ላይ ስትደርስ ራሷ ዞራ፣ እሁድ ልጆቹን አብረን እንይዛቸዋለን፣ ከደከመሽ ትቀመጫለሽ አለችኝ። «አብረን» ያለችው ልታግዘኝ ይሁን ልትከታተለኝ አላውቅም። እሁድ ይታያል።

ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኳትም። እሷ ጋ ይቆይ።