የእጃቸው ሥራ ለስማቸው ይመለስ፦ የአቶ ላቀው ወልደሩፋኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ላቀው ወልደሩፋኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደሩፋኤል ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የዓለምዘርፍ አበጋዝ ኅዳር 12 ቀን 1936 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር፣ በቦረና አውራጃ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ወረድ ብሎ በሚገኘው በአባታቸው ደብር አጥቢያ ተወለዱ።

ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ሞላ ወልደሩፋኤል ነኝ። ትናንት የሟች ረዳት የነበሩት አቶ ብዙነህ ይመር በታይፕ የተመታ ሌላ የሕይወት ታሪክ ይዘው ለቅሶ ቤት መጥተው ነበር። አገር የሚያውቀውን የመሠረተ ትምህርት ፖስተር እዚያ ወረቀት ላይ «ከሟች ጋር በጋራ የሠራነው» ብለውታል። ሽማግሌዎችም «ሞላ፣ አፈር ሳይለብስ ቂም አታንሣ፤ እሱ የተማረ ነው፣ እሱ ያንብበው» አሉኝ። የተማረስ ቢሆን ማን ያስተማረው ሆነና! አልተነበበም፤ አይነበብምም። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ቢሆንም ፖስተሩ የማን እንደሆነ ወንድሜ ጉድጓድ ሳይገባ ሕዝብ ፊት ይነገራል።

አቶ ላቀው በአጥቢያው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ከአባታችን ዘንድ ቁም ጽሕፈት ተማሩ። ብራና መዳመጥ፣ ብርዕ መቅረጽ፣ ቀለም መበጥበጥ ዐወቁ። በዚህ ሙያ አንድ ደንብ አለ። የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ጸሐፊው አስቀድሞ ጥቁሩን ይጽፋል፤ የቀዩን ቦታ ባዶውን ትቶት ያልፋል፤ በመጨረሻ ቀዩን በጥብጦ ባዶውን ይሞላል። ወንድሜ ይህን ደንብ ወረቀት ላይም ሆነ ሸራ ላይ ሲሠሩ አልተዉትም። ለምን እንደነገርኳችሁ ወደፊት ትሰሙታላችሁ።

በ1946 ዓ.ም. መካነ ሰላም አስኳላ ገቡ፤ ሁለተኛ ደረጃን ደሴ ጨረሱ። በ1956 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው በዲፕሎማ ተመረቁና በአንድ ማተሚያ ቤት በንድፍ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። የክብሪት ሽፋን፣ የብስኩት ካርቶን፣ የትምህርት መጽሐፍ ልባስ ነደፉ። ከብራና የወረሱትን ያን ወፍራም፣ እግሩ ሰፋ ያለ ፊደል ማተሚያ ቤቱ «የላቀው ፊደል» እያለ ይጠራው ነበር። በ1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ በለጥሻቸው ንጉሡ ጋር በሥርዓተ ቁርባን ጋብቻ ፈጽመው አልታዬንና ወልደ ገብርኤልን ወልደዋል።

አባታችን ሲታመሙ በ1968 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው በመካነ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት የፖስተርና የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በማግስቱ ዓመት አቶ ብዙነህ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ያን ጊዜ አቶ ብዙነህ ያለ ማስመሪያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አያወጡም ነበር። ወንድሜ እጃቸውን ይዘው አስተማሯቸው። ከወይዘሮ በለጥሻቸው ገበታ በልተዋል፤ «ጋሼ፣ ጋሼ» ሲሉም ማር ከአፋቸው ይፈስ ነበር። እኔ ወንድሜን ልጠይቅ ስሄድ ግን በር ላይ አቁመው «ወንድምህ ፊደል ይሥላል፤ አንተ ታነብለታለህ እንዴ?» እያሉ ያስቁብኝ ነበር። አልረሳሁትም።

በ1972 ዓ.ም. አቶ ላቀው ፖስተሩን ሠሩ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የአንዲት ባላገር ሴት ጠቋሚ ጣት፣ ከጣቷም ሥር «ሀ»። ሌላ ነገር የለበትም። ከመካነ ሰላም እስከ ማሻ፣ ከአጅባር እስከ ደጎሎ በየመማሪያ ጣቢያው ተለጠፈ፤ ከዚያም ሌላው ክፍለ ሀገር እያስመጣ አሳተመው። ያቺ ጣት የእናታችን የወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጣት ናት። በልጅነታቸው ማጭድ ቆርጧት ጫፏ ወደ ግራ የዞረች ናት። እናታችን ፖስተሩን ሲያዩት «አንተ ላቀው፣ ደህና ደህናው ጣት ሞልቶ ጠማማዋን መርጠህ አገር ታስቅብኛለህ?» ብለው ተቆጡ። ወንድሜም «ቀጥ ያለች ጣት የቢሮ ሰው ጣት ናት፤ ገበሬው አያምናትም» አሉ። እናታችን ይኸው ከፊታችሁ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ስትጨብጡ እዩዋት።

በ1974 ዓ.ም. ለአብዮት በዓል ከመድረኩ በላይ የሚሰቀል ትልቅ ሸራ ታዘዙ። ጽሑፉ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» የሚል ነው። እንደ ልማዳቸው የከበረውን ቃል በቀይ ሊጽፉ ቦታውን ባዶ ትተው ጥቁሩን አስቀድመው ጨረሱ። ጥቁሩም «ወይም ሞት» የሚለው ብቻ ነበር። ቀዩ ቀለም ከደሴ አልደረሰም። ለዘመን መለወጫ ወደ ደብሩ ሲወርዱ እኔ አብሬያቸው በር ላይ ነበርኩ። አቶ ብዙነህን «ቀዩ ነገ ጧት በመኪና ይገባል፤ እኔው ሞልቼ አሰቅለዋለሁ፤ እስከዚያ እንዳትነካው» አሏቸው። አቶ ብዙነህም «እሺ ጋሼ» አሉ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ እኛ ዳገቱን ሳንጨርስ፣ እንዳትነካው የተባለው ሸራ ባዶው ሳይሞላ ተሰቅሏል። ሕዝቡ በሰልፍ ቆሟል። በዚያው በወንድሜ ፖስተር ፊደል የለየው ገበሬ ሁሉ አዲስ አንባቢ አይደለም? ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወይም… ሞት» እያለ አነበበ። አንዱ «ሌላውስ ምርጫ የታለ?» አለ። አጠገቡ ያለው «እሱ ገና ከደሴ አልመጣም ይሆናል» አለው። ሰልፈኛው ሳቀ። በዚያ ሳቅ ወንድሜ ከመድረኩ ሥር ተይዘው ሄዱ።

ጥፋቱን በአብዮቱ ላይ አላላክክም። ጠያቂ ይጠይቃል፤ ሥራው ነው። አቶ ብዙነህም ተጠየቁ። «ባዶ ትቶ ኋላ መሙላት የሰውየው የሥራ ልማድ ነው ወይ?» ተባሉ። አምስት ዓመት አጠገባቸው ቆመው ቀዩን ሲበጠብጡ የኖሩት እኒህ ሰው «እንዲህ ያለ ልማድ አይቼም ሰምቼም አላውቅም» ብለው ፈረሙ። የደብሩ ካህናት የብራና መጽሐፍ ይዘው ሊያስረዱ ቢመጡ «የፊውዳል ማስረጃ» ተብለው ተመለሱ። የተማረው ሰው ቃል ተሰማ፤ ወንድሜም ከዓመት በላይ ታሰሩ። የቀኝ እጃቸው አንጓ እዚያ ተሰብሮ ጠሞ ተጠገነ፤ ኩላሊታቸውም የተጎዳው እዚያ ነው።

ሲፈቱ ወንበራቸው ላይ አቶ ብዙነህ ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ኅትመት ከፖስተሩ ግርጌ «ላቀው» የሚል ነበረበት፤ ወንድሜ ታስረው ሳሉ በታተመው ላይ የለም። ማን እንዳጠፋው እናንተው ገምቱ። በ1976 ዓ.ም. ደሴ ላይ ፖስተሩ ሲሸለም ሜዳሊያውን ያጠለቁት አቶ ብዙነህ ናቸው። «ጣቷ የማን ናት?» ተብለው ሲጠየቁ «አዲስ አበባ ያየኋት የአንዲት እናት ናት» ብለው መለሱ። አቶ ብዙነህ እስከዚያች ቀን ከደሴ አልፈው አያውቁም።

አቶ ላቀው እጅ አልሰጡም። በግራ እጃቸው መጻፍ ለመዱ። እስረኛ የነበረን ሰው ማሠራት ሁሉ ሲፈራ፣ የጭነት መኪና ባለቤቱ አቶ ጀብሪል «ወላሂ ጋሽ ላቀው፣ በግራም ጻፉት በእግርም፣ የእርስዎ ጽሕፈት ከሌለበት መኪናዬ ከጋራዥ አይወጣም» ብለው የመኪናውን በር እንዲጽፉበት ሰጧቸው። አላህ ይስጥልን። ከዚያ ወዲያ የደጎሎ ሻይ ቤቶች፣ የአጅባር ወፍጮ ቤቶች፣ የደሴ መንገድ መኪኖች ሁሉ በእሳቸው ፊደል ተጻፉ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወቅት ማንበብ የማይችለው ችግረኛ ሰልፍ እየተሳሳተበት ሲንገላታ፣ ለውኃው እንስራ፣ ለእህሉ ቁና፣ ለሕሙማኑ የተኛ ሰው ሥለው በየእንጨቱ ሰቀሉ። ሌሎች መጠለያዎችም ያንኑ እየቀዱ ወሰዱ። ዛሬ በዚህ አገር ብሩሽ የያዘ ሁሉ፣ ያውቀውም አያውቀውም፣ የሚጽፈው የላቀውን ፊደል ነው።

ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊታቸው ሕመም ጸናባቸው። ደሴ ተኝተው ሲታከሙ አቶ ብዙነህ ብርቱካን ይዘው መጥተው ከእግራቸው ሥር ወድቀው አለቀሱ። ወንድሜም በነፍስ አባታቸው ፊት ይቅር ብለዋቸዋል። ይህን አልደብቅም። ሆኖም አቶ ብዙነህ ያለቀሱት በር ተዘግቶ ነው፤ የዋሹት ግን በአደባባይ ነው። ይቅርታውን ተቀብለው ሜዳሊያውን አልመለሱም። ትናንት ደግሞ ያን በታይፕ የተመታ ወረቀት ይዘው መጡ። የወንድሜ ይቅርታ የወንድሜ ነው፤ እኔ አላልኩም።

አቶ ላቀው ወልደሩፋኤል በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው ጥር 27 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እናታቸውን ወይዘሮ የዓለምዘርፍን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ በለጥሻቸውን፣ ልጆቻቸውን አልታዬንና ወልደ ገብርኤልን፣ እኔንም ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። «የሙያ አጋር» የሚል ጽሑፍ ያለበት የአበባ ጉንጉን ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ሲመለሱ ይዘውት ይሂዱ።

አምላክ የወንድሜን ነፍስ ከአባቶቻችን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ለእናታችንና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።

ለአቶ ብዙነህ ይመር ሞት አልመኝም። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፤ የዓይናቸውንም ብርሃን ይጠብቅላቸው። በሄዱበት መንገድ ሁሉ፣ በወፍጮ ቤቱም በመኪናው በርም በቀበሌው ግድግዳም፣ የወንድሜን እጅ እያዩ ይኑሩ። አጠገባቸው የቆመውም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ የማን እንደሆነ ይንገራቸው።

እናንተ የሰማችሁ ሁሉ አሜን በሉ። አቶ ብዙነህም ከካህናቱ ኋላ ቆመዋልና፣ ድምፃቸው እንዲሰማ አድርገው አሜን ይበሉ።